የሞተሩ ሞላ እስኪመጣ

እናቴ በሰው ቤት ፈጪ ነበረች። ይኼንን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው፣ ከዚህ በታች ስለ ሞተርና ስለ ብረት ብዙ ስለማወራ አንባቢ «ይህች ሴትዮ ምን ነካት» እንዳይለኝ ነው። የሞተሩ ነገር ለእኔ የእናቴ ነገር ነው። ሁለቱን ለያይቼ ማሰብ አልችልም፤ ሞክሬው አልሆነልኝም።

አባቴ የሞተው እኔ ጡት ሳልጥል ነው አሉ። እናቴ መሬት አልነበራትም፤ የሚያርስላት ወንድ ልጅም አልነበራትም። እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወጣ ብለው ባሉ ትልልቅ ቤቶች እየዞረች ትፈጭ ነበር። ሠርግ ያለበት ይጠራታል፤ ተዝካር ያለበት ይጠራታል። ከወፍጮው ድንጋይ ፊት ትንበረከክና መጁን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፊት ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ ስትል ትውላለች። ስንዴው ሲያልቅ ገብሱ ይመጣል፤ ገብሱ ሲያልቅ የሽሮው ክክ ይመጣል። እኔ ከአጠገቧ ሆኜ ዱቄቱን እየጠረግሁ ወደ እንቅቡ እከታለሁ። ልጅነቴ እንግዲህ የድግስ ቤት ጓዳ ነው። ድግሱን ግን አይቼው አላውቅም። ድግሱ ሲደርስ የፈጪ ሥራ አልቋል፤ እኛ ወደ ሌላ ጓዳ ሄደናል።

ጉልበቷ ላይ ያለው ቆዳ ጠቁሮ ደድሮ ነበር። ማታ ቅቤ ስቀባላት ጣቴ አይሰማትም። ዱቄቱ ደረቷ ውስጥ ገብቶ ያስላታል። በጃንሆይ ዘመን፣ አውሮፕላን በላያችን እየጮኸ ማለፍ በጀመረበት ጊዜ እንኳ፣ እናቴ ያንን ድንጋይ ትገፋ ነበር።

«አንቺ ከዚህ ድንጋይ ፊት እንዳትንበረከኪ፣» ትለኝ ነበር። ሌላ ምክር ሰጥታኝ አታውቅም። ስለ ባልም፣ ስለ ጾምም፣ ስለ ጎረቤትም ምንም አላለችኝም። ይኼንን ብቻ።

ያገባሁት ሞተሪስታ ነው። ሞተሪስታ ማለት የሞተር ወፍጮ የሚያንቀሳቅስ ሰው ነው፤ ያኔ በአገራችን እንዲህ ያለ ሰው ብርቅ ነበር። ባለቤቴ ጎንደር ከተማ ጋራዥ ውስጥ ዕቃ እያቀበለ፣ እጁ በዘይት እየጠቆረ የለመደው ሥራ ነው። ወፍጮው የራሱ አልነበረም። ባለቤቱ ጨውና አቡጀዲ የሚነግዱ ሙስሊም ሰው ነበሩ፤ መካነ ኢየሱስ ውስጥ ሁሉም «ሐጂ» ይላቸዋል። ሞተሩን በበጋ በጭነት መኪና አስመጡት። መኪናው ዳገቱ ላይ እየቆመ ሰው ሁሉ ሲገፋው፣ እሳቸው ከኋላ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው «ግፉ፣ ግፉ፣ የገፋ በነፃ ይፈጫል!» እያሉ ይጮሁ ነበር። ኋላ ግን ያልገፋ ሰው ጠፋ፤ ሁሉም «እኔም ነበርሁ» አለ። ሐጂ እየሳቁ አስፈጩላቸው።

የባለቤቴ ድርሻ ከሚፈጨው ዱቄት ነበር። ወፍጮው ከዞረ እንበላለን፤ ካልዞረ የለም። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል ተሰጠን። ግድግዳዋ በአሮጌ ጋዜጣ የተለጠፈ ነበር፤ እኔ ፊደል የለየሁት ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው፣ የጎደለውን ሰው እየጠየቅሁ። እናቴን ከሰው ጓዳ አውጥቼ ወደዚያች ክፍል አስገባኋት። የመጀመሪያ ቀን ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀመጠች። ሞተሩ ሲሠራ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ስታዳምጥ ቆይታ፣

«ለዚህ ሁሉ እህል ማንም አልተንበረከከለትም?» አለችኝ።

«ማንም።»

«ይገርማል፣» አለችና ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው።

አሁን ወደ ሞላው ልምጣ። ባለቤቴ ያስረዳኝ እንዲህ ነው። ሞተሩ እንደ ሰው ይተነፍሳል። የሚተነፍስባቸው ሁለት በሮች አሉት፤ አንዱ አየር ያስገባል፣ አንዱ ጭስ ያስወጣል። በሮቹን ቫልቭ ይሏቸዋል። በእያንዳንዱ በር ላይ እንደ ቀለበት የተጠመጠመ ብረት አለ፤ ሞላ ማለት እሱ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቶሎ ስቦ የሚዘጋው ሞላው ነው። ሞላው ከላላ በሩ ሳይዘጋ ይዘገያል፤ ሞተሩ ይሰንፋል፣ ያስላል። ሞላው ከተሰበረ ግን በሩ ራሱ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወድቃል። ከታች ፒስተን የሚሉት ወጪ ወራጅ ብረት እየበረረ ይመጣል፤ ይገናኛሉ። ከዚያ ወዲያ ሞተር የለም፤ ቁርጥራጭ ብረት ነው።

ከሞተሩ ጋር የመጡት ሞላዎች ደከሙና ሐጂ ከጎንደር መካኒክ አስመጡ። ሰውየው በበጋ እየዞረ የየከተማውን ወፍጮ የሚጠግን፣ ሲናገር ትንባሆውን ከከንፈሩ የማያወጣ ሰው ነበር። ሁለት አዳዲስ ሞላዎች አስገባ። ሥራውን ሲጨርስ ባለቤቴን ወደ ሞተሩ አስጠጋው። እናቴና እኔ በሩ ላይ ቆመን እንሰማለን።

«ስማኝ፣» አለው። «እነዚህ የሞተሩ የራሱ አይደሉም። ከፋብሪካው አልወጡም፤ ሌላ ሰው አስመስሎ የሠራቸው ናቸው። መጥፎ ናቸው አልልህም፤ አላውቃቸውም ነው የምልህ። የድሮዎቹን ዓመት ሙሉ ብትረሳቸው ምንም አይሉህም ነበር። እነዚህን አትርሳ።»

«ታዲያ መቼ መቼ ልክፈታቸው?»

«ሰዓት የለህም። በርሜል አለህ አይደል? አንድ በርሜል ናፍጣ ባለቀ ቁጥር ክፈት። አውጣቸውና መስተዋት ላይ አቁማቸው። እንደ ዘበኛ ቀጥ ብለው ካልቆሙ አትመልሳቸው። ቁመታቸውን በዚች እንጨት ለካ፤ ከእንጨቷ ካጠሩ ደክመዋል ማለት ነው። በርሜሉ ሳያልቅም ቢሆን፣ ጧት አልነሳም ካለህ፣ እህል ሲበዛበት ካሳለ፣ ክፈት።»

«ሌላስ?»

«ዝገት። የላላ ሞላ ቀን ይሰጥሃል፤ እየሰነፈ እየሰነፈ ይነግርሃል። የዛገ አይነግርህም፤ ሲሠራ ውሎ ሲሠራ ይሰበራል። የጤፍ ፍሬ የምታህል ዝገት ካየህ በዚያው ቀን አቁም። ‹ፈቅፍቄ ልመልሰው› እንዳትል።»

እናቴ ከበሩ ላይ ሆና፣ «አንተ ሰው፣ ሞተር ነው የሰጠኸው ወይስ አራስ ልጅ?» አለችው።

«አራስ ልጅስ ይሻላል፣ እናቴ። ልጅ ሲርበው ያለቅሳል።»

«መለዋወጫ አልያዝህም?» አለው ባለቤቴ።

«ያገኘሁት እነዚህን ሁለቱን ነው። ሁለቱም ገቡ።»

ባለቤቴ የተባለውን ሁሉ አደረገ። በርሜሉ ባለቀ ቁጥር ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ጠብቆ ይከፍተዋል። መስተዋቱ የእኔ የሠርጌ መስተዋት ነበር፤ በዘይት ተጨማለቀ፤ ፊቴን ሳየው ግማሹ ጥቁር ነው። እህል ተሸክመው የመጡ ሴቶች በሩ ላይ ተቀምጠው ያጉረመርማሉ።

«ደግሞ ዛሬ እንደ በግ ገፈፍኸው?»

«ካልገፈፍሁት ይገፍፈኛል፣ እቴ።»

«ልጆቼ ጥሬ ቆርጥመው ሊያድሩ ነው!»

«ከእናቴ ጋር ተጫወቱ፤ አሁን ይነሳል፣» ይላቸዋል። እናቴን «እናቴ» ነበር የሚላት፤ ሲያነጋግራት ግን «አንቱ» እያለ ነው። እናቴም መካከላቸው ቁጭ ብላ፣ በድሮ ጓዳ የሰማችውን የድግስ ቤት ወሬ ሁሉ ትለቅባቸዋለች። ማን ሙሽሪቱን ጥሎ እንደ ሄደ፣ የማን ተዝካር ላይ ጠላ እንዳነሰ። ሴቶቹ እየሳቁ ረሃባቸውን ይረሳሉ።

ለአንድ ዓመት ያህል እንዲህ ሄደ። ሞላዎቹም እንደ ዘበኛ ቀጥ ብለው ይቆሙ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ግን አንድ ነገር ሆነ። ከሩቅ አገር የመጣች ሴት ወረፋ እየጠበቀች ወደ ቺንጋው ተጠጋች፤ ቺንጋ ማለት ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘው ሰፊ ማሰሪያ ነው። ቺንጋው ነጠላዋን ይዞ ጎተተባት። ባለቤቴ ሮጦ ሞተሩን አጠፋው፤ ሴትዮዋ አንድ ነገር አልሆነችም፤ ነጠላዋ ግን ብጥስጥስ ብሎ ወጣ። «እጅ ያዘኝ!» ብላ ጮኸች። «የሰው እጅ ነው የያዘኝ!» በሚቀጥለው ገበያ ወሬው አገር ለአገር ሄደ። ከመጀመሪያውም የሞተር ዱቄት ነፍስ የለውም የሚሉ ነበሩ፤ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆነው የመገበሪያ ስንዴ ወደ እኛ መጥቶ አያውቅም። አሁን ደግሞ «ሰይጣን አለበት» ተባለ። እህል የጫኑ አህዮች በበራችን እያለፉ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሽማግሌዎች ሐጂን አነጋገሯቸውና ጠበል ይረጭ ተባለ።

ሐጂም «ደስ ይለኛል፣» አሉ።

የግንቦት ልደታ ዕለት ነው። በዋዜማው በርሜሉ አልቆ ባለቤቴ ሞተሩን ከፍቶት ነበር፤ ሳይጨርስ መሸበትና በዓሉ ገባ። በበዓል ብረት አይነካም። ስለዚህ የሞተሩ ክዳን እንደ ተነሳ፣ ሞላዎቹ ብቻ ተለክተው ወደ ቦታቸው ተመልሰው ነበር የጠበቀን። የሰፈሩ ሰው ንፍሮውን ይዞ ወፍጮ ቤቱን ሞላው። ቄሱ ደግ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሞተር በቅርብ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ይመስለኛል። ጸሎቱን አድርሰው ሲያበቁ ባለቤቴን፣

«በየት በኩል ነው የምረጨው፣ ልጄ?» አሉት።

«ከውጭ ይበቃዋል፣ አባ፣» አለ ባለቤቴ።

«ከውጭ ምን ያደርጋል!» አለች አንዲት አሮጊት። «ሰይጣኑ ያለው ከሆዱ ነው። ያው ተከፍቶ የለ?»

ሕዝቡም «ከሆዱ፣ ከሆዱ» አለ። ቄሱ ባለቤቴን አዩት። ባለቤቴ ደግሞ ያንን ሁሉ ሰው አየ፤ ሰው እህሉን ይዞ እንዲመለስለት የሚፈልገው እሱ ነው። እሺ እንደ ማለት ራሱን ነቀነቀ። ጠበሉ በሞላዎቹ ላይ ወረደ።

ሐጂ ከኋላ ሆነው፣ «አባ፣ ትንሽ እኔንም ይርጩኝ፤ ከሞተሩ ወጥቶ ሱቄ እንዳይገባብኝ!» አሉ። ቄሱ ሳይቀሩ ሳቁ። በእውነት ደስ የሚል ቀን ነበር።

ሰው መበተን ሲጀምር ባለቤቴ ከኪሱ ጨርቅ አወጣና ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለ። ያች አሮጊት አልሄደችም ነበር።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ውሃውን ላንሳለት፤ ብረት ነው።»

«ጠበል በዘይት ጨርቅ ይጠረጋል እንዴ? አንተ የክርስቲያን ልጅ አይደለህም?»

የቀሩትም ዞረው አዩት። ጨርቁን ወደ ኪሱ መለሰው። ኋላ፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ፣ ከላይ ዘይት ጠብ ጠብ አደረገበትና ክዳኑን ደፋበት። ውሃው ግን ከዘይቱ ሥር ቀረ። ሞተሩ በዚያኑ ዕለት ተነስቶ ቢግል ኖሮ ይደርቅ ነበር፤ ግን በዓል ነው፤ ማግስቱም ሰንበት ሆነ። ሳይነሳ አደረ፣ ሳይነሳ ዋለ።

ጠበሉን እየወቀስሁ አይደለም፤ ቄሱንም አልወቅስም፤ አሮጊቷንም። የሆነውን ነው የምጽፈው። ሰውም ከዚያ በኋላ እህሉን ይዞ ተመለሰ።

ክረምት ገባ። በክረምት እህል ያንሳል፤ የሚፈጨው ከጎተራ የተጠረገው ነው። በርሜሉም ቶሎ አያልቅም። መካኒኩ ‹በርሜል ባለቀ ቁጥር› ያለው ለሚሠራ ሞተር ነው፤ ዝናብና ጉም ውስጥ ቆሞ ለሚውል ሞተር ምን እንደሚደረግ አልነገረውም፤ ባለቤቴም አልጠየቀውም። እኔ በዚያ ሰሞን የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ አራስ ነበርሁ። እናቴ ገንፎዬን ስታገነፋ፣ ልጁን ስታጥብ፣ በመካከልም ለግድግዳው ጀርባዋን ሰጥታ ስትቀመጥ ደስታዋን ዛሬም አየዋለሁ።

ሐምሌ መግቢያ ላይ በርሜሉ አለቀና ባለቤቴ ከፈተው። ቶሎ ይመለሳል ብዬ ስጠብቀው ቆየ። ሲመጣ አንዱን ሞላ በመዳፉ ይዟል፤ አየር በሚያስገባው በር ላይ የነበረውን። በአልጋዬ ጠርዝ ተቀመጠ።

«ጎበጠ?» አልሁት።

«አልጎበጠም። ቀጥ ብሎ ቆሟል።»

«አጠረ?»

«አላጠረም።»

«ታዲያ ምን ሆንህ?»

ጥምጥሙን አዙሮ በውስጥ በኩል አሳየኝ። ቀይ ነጥብ። ከጤፍ ፍሬ ብትበልጥ ትንሽ ነው። ጣቴን ይዞ አሳለፈበት፤ ጥፍሬ እዚያች ቦታ ላይ ያዝ አደረገኝ። ጎድጉዷል። ስለ ጠበሉ አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም። ለሰውም አልተናገርንም። ለማን ይነገራል እንዲህ ያለ ነገር?

ያን ቀን ሞተሩ አልተነሳም። ባለቤቴ ሞላውን ይዞ ወደ ቀጥቃጩ ሄደ። ቀጥቃጩ በሁለት ጣቱ ጨመቅ ለቀቅ አድርጎ መለሰለት። «እኔ የምሠራው ማረሻ ነው፣ ወንድሜ። ይኼ ትንፋሽ ያለው ብረት ነው፤ አልደፍረውም፣» አለው። ሐጂ ደግሞ እግረኛ ወደ ደብረ ታቦር ላኩ። ሰውየው ወንዝ ሲሞላበት እያደረ፣ ሲጎድልለት እየተሻገረ ደርሶ ተመለሰ፤ እንዲህ ያለ ሞላ እዚያም የለም፤ ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ መንገዱ ሳይደርቅ መካኒኩም አይመጣም። ሐጂ በሩ ላይ ቆመው፣

«እንግዲህ እኔ የጨው ነጋዴ ነኝ። ነገሩ ያለው በአንተ እጅ ነው። አንሳው ካልህ ይነሳ፣ ተወው ካልህ ይተው፣» አሉት። «ግን ይኼን እወቅ፤ ይህ ከሞተ ሌላ የምገዛበት አቅም የለኝም።»

ሐጂ ሲሄዱ እናቴ ልጄን ታቅፋ መጣች።

«እስኪ በግልጽ ንገረኝ፣» አለችው ባለቤቴን። «ብትመልሰው ምን ይሆናል?»

«ምናልባት ክረምቱን ይዞ ይወጣ ይሆናል። ምናልባት ነገ ይሰበራል። አላውቅም፣ እናቴ። መካኒኩ አቁም ነው ያለኝ።»

«ከተሰበረስ?»

«ሞተሩ አለቀ። ሐጂ ያሉትን ሰምተዋል።»

«ብታቆመውስ?»

ባለቤቴ መሬት መሬት አየ። «ብናቆመው መስከረም ድረስ ዱቄት የለም።»

እናቴ ልጁን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረችው። «አቁመው እንግዲያ፣» አለች። «ክረምት ያልፋል። ሞተሩ ከሞተ ግን እኔ እስክሞት ድንጋይ ነው። ይህችም፣» ወደ እኔ በአገጯ ጠቆመች፣ «ይህችም ከእኔ በኋላ ትንበረከካለች። አቁመው።»

«አንቱስ የት ሊሄዱ?»

«የማውቀው ጓዳ ይጠፋኛል? ሞተሩ ከቆመማ የማይጠራኝ የለ።»

እውነቷን ነበር። ወፍጮው መቆሙ ሲሰማ ትልልቆቹ ቤቶች ፈጪ ፍለጋ ሰው ላኩ። እናቴ ልጄን አጠገቤ አስተኛችው፤ እኔን ለጎረቤት ሴት አደራ ሰጠችኝ፤ ከዝናቡ የሚከልላትን የሣር ገሳ በራሷ ላይ ደፍታ ወጣች። ባለቤቴ ደግሞ በሰው ማሳ አረም ማረም ጀመረ። እኔ ከዚያ ዝም ካለ ግድግዳ ጋር ቀረሁ።

ልጄ ክርስትና ሲነሳ፣ ፍልሰታ ላይ ነው፣ አዝዬው ልጠይቃት ሄድሁ። ቤቱ የባላባት ቤት ነው፤ ከክረምት በኋላ ትልቅ ተዝካር አለባቸው። እመቤቲቱ «የእናትሽ እጅ ወርቅ ነው፤ ዱቄቷ እንደ ጉም ነው፣» ብላ ወደ ጓዳው አሳለፈችኝ። እናቴ ተንበርክካ ነበር። መጁን ጥቂት ትገፋና ቀኝ እጇን ወደ ታች አራግፋ፣ እንደ ገና ትይዛለች። ከስታለች። ጾሙንም አልፈታችም።

«ተነሽ፣ እናትዬ፣ እንሂድ።»

«ምን ልታበይኝ?»

«አረሙን እያረመ ነው...»

«አረም አንድ ሰው ያበላል። እናንተ አሁን ሦስት ናችሁ።» ሳለች፤ ሳሉ አልቆም አላት። ሲለቃት፣ «ሞተሩ ተኝቷል?» አለችኝ።

«ተኝቷል።»

«ይተኛ። ባልሽ እንዳይነካካው ንገሪው። ከልቡ ደግ ነው፤ ሰው ሲለምነው እንቢ ማለት አይችልም።» ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ፣ እመቤቲቱ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «መካኒኩ ሲመጣ እኔንም ይፍታኝ። መስተዋት ላይ ቢያቆመኝ ግን ቀጥ ብዬ የምቆም አይመስለኝም፣» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። የሳቅሁት ግን እስከ አጥሩ በር ድረስ ነው።

ቤት ስገባ ልጁን ሳላወርድ ባለቤቴን፣ «መልሰው፣» አልሁት።

«ምኑን?»

«ሞላውን። መልሰውና አንሳው። እናቴ እየሞተችብኝ ነው።»

ሞላውን በዘይት ጨርቅ ጠቅልሎ ግድግዳ ላይ ሰክቶት ነበር፤ አወረደና ወደ ወፍጮ ቤቱ ገባ። ተከተልሁት። ከሞተሩ አጠገብ ተቀምጦ ያችን ነጥብ ያያታል። ማየት ሳይሆን መለመን ነው የሚመስለው።

«ምናልባት ይይዝ ይሆናል ብለህ የለ?»

«ብያለሁ።»

«እና?»

«እና ከተሰበረ፣ ጓዳው ውስጥ እሷን ለዘለዓለም አስቀመጥኋት ማለት ነው። አሁን ቢያንስ እስከ መስከረም ነው።» ነጥቧን በጥፍሩ ዳሰሳት። «እኔ እንዳልጓጓ አርገሽ ነው የምታይኝ? በየሌሊቱ አንስቼዋለሁ እኮ በሐሳቤ።»

ልጁ አለቀሰ። ጡት አጠባሁት። ሞላውም ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

እንዲህ አለፈ ክረምቱ። እህል ተሸክመው መጥተው የሚመለሱት ሴቶች መጀመሪያ ለመኑን፣ ኋላ ሰደቡን፣ በመጨረሻ መምጣት ተዉ። በየቤቱ የድንጋይ ወፍጮ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ከተማው ሁሉ ወደ እናቴ ዘመን ተመለሰ።

መስከረም ጋመሰና መንገዱ ጠነከረ። መካኒኩ ትንባሆውን በከንፈሩ እንዳደረገ መጣ። አሁንም የያዛቸው አስመስለው የተሠሩ ናቸው፤ ግን አራት ነበሩ። «አንዱ ብቻ ቢበላሽም ሁለቱን ነው የሚቀይሩት፤ አንድ አዲስ ከአንድ አሮጌ ጋር አይራመድም፣» እያለ ሁለቱን አስገባ፤ ሁለቱን በቅባት ነክሮ ለባለቤቴ ሰጠው። የዛገውን አንስቶ በብርሃን አየው።

«ጥሩ አደረግህ፣» አለው።

እኔ ግን መጠየቅ ነበረብኝ። «ቢመለስ ኖሮ ይይዝ ነበር?»

መካኒኩ አየኝ። ልጁን አየ። «ይኼን የሚያውቅ ሰው የለም፣ እህቴ። ነገ ሊሰበር ይችል ነበር። እስከ ሌላ ፋሲካም ሊሠራ ይችል ነበር። ሁለቱንም አይቻለሁ።» ሞላውን ወደ ከረጢቱ ወረወረው። ባይነግረኝ ይሻለኝ ነበር። ‹ይሰበር ነበር› ብሎ ቢዋሸኝ ዛሬ ድረስ አመሰግነው ነበር።

ሞተሩ ተነሳ። ድምፁ ሲሰማ ሴቶች ከየቤታቸው እልል አሉ። በማግስቱ እናቴ ከባላባቱ ቤት ያልተፈጨ እህል በስልቻ በአህያ አስጭና መጣች። ባለቤቴ ከሁሉ ሊያስቀድማት ቢሮጥ፣ «ተራዬን እጠብቃለሁ፤ ሰው ይቀየመኛል፣» ብላ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። ተራዋ ሲደርስ ስልቻውን ልታነሳ ጎንበስ አለች። ግራ እጇ ያዘው። ቀኝ እጇ ግን አልተነሳም፤ ከትከሻዋ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ደግማ ሞከረች። ባለቤቴ ስልቻውን ከእግሯ ሥር አንስቶ፣ ፊቱን ወደ ወፍጮው አዙሮ አፈሰሰው፤ እስኪፈጭም ድረስ አልዞረም።

ወጌሻ እጇን አየላት፤ ታሸች፤ ጠበልም ገባች። እጁ አልተመለሰም። ከሰው ጓዳ ግን ለአንዴም ለሁልጊዜም ወጣች፤ እሷ የፈለገችው ይኼው ነበር፤ ሆነላት።

በመጀመሪያው እሁድ ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄድን። በሩ ላይ ስንደርስ ልታማትብ ቆመች። ትከሻዋ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ እጇ ግን ከወገቧ አላለፈም። በግራዋ ልትሞክር ብድግ አደረገችና አፍራ መለሰችው። ከኋላችን ሰው ይጠብቃል። ቀኝ እጇን በእጄ ይዤ አነሳሁት፤ ቀላል ነበር፣ እንደ ልጅ እጅ። ግንባሯን አስነካሁት፣ ደረቷን፣ ግራ ትከሻዋን።

«ቀስ በይ፣ አንቺ፣» አለችኝ። «የሚያሳድድሽ የለም።»

ቀስ ብዬ ወደ ቀኝ ወሰድሁት።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ክረምት ኖረች። ጧትና ማታ የማማትብላት እኔ ነበርሁ። ከግድግዳው ማዶ ሞተሩ ይሠራ ነበር።